ፊርማው ገንዘብ የነበረ ነጋዴ

በሴፕቴምበር 1781 (እ.ኤ.አ.)፣ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር ወደ ዮርክታውን ሲወርድ ወታደሩ አጉረመረመ። ደሞዝ ካየ ቆይቷል፤ ኮንግረሱ የሚያትመውን የወረቀት ገንዘብ ደግሞ ገበያ ላይ የሚነካው አልነበረም። የአንድ ወር ደሞዛችንን፣ ያውም በብር ሳንቲም፣ ስጡን አሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ሄድ ኦፍ ኤልክ ሲደርሱ በርሜሎች መጡላቸው። ክዳኑ ተመትቶ ተከፈተ፤ የብሩ ሳንቲም በወታደሩ ዓይን ፊት ተንሿሾ ፈሰሰ።

ብሩን ያስመጣው የፊላደልፊያው ነጋዴ ሮበርት ሞሪስ ነው። የራሱ አልነበረም። ከፈረንሳዩ ጦር አዛዥ ከሮሻምቦ፣ እከፍላለሁ ብሎ የተበደረው 20,000 ዶላር ነው።

ሞሪስ በ1734 ሊቨርፑል ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወደ ሜሪላንድ ተሻገረ። አባቱ የትምባሆ ነጋዴ ነበር፤ አሟሟቱ ግን ጉድ ነው። ለክብሩ ከመርከብ መድፍ ሲተኮስለት የመድፉ ውታፍ መታውና በቁስሉ ሞተ። ልጁ ፊላደልፊያ የዊሊንግ ቤተሰብ ንግድ ቤት ውስጥ ሥራ ተምሮ በ1757 ሸሪክ ሆነ። መርከቦቻቸው በአትላንቲክ ማዶ ለማዶ ሲመላለሱ ለባርነት የሚሸጡ አፍሪካውያንንም ጭነዋል። ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ መሆኑ ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ጁላይ 2 ቀን 1776 በኮንግረሱ የነጻነት ድምፅ ሲሰጥ የኮንግረሱ አባል የነበረው ሞሪስ ጊዜው ገና ነው ብሎ ከአዳራሹ ቀረ። በሚቀጥለው ወር ግን የነጻነት አዋጁን ፈረመ። ኋላም የኮንፌዴሬሽኑን ስምምነትና ሕገ መንግሥቱን ፈረመ፤ ሦስቱንም የፈረሙት እሱና ሮጀር ሸርማን ብቻ ናቸው።

በ1781 የኮንግረሱ የገንዘብ ኃላፊ ሲሆን በራሱ ስም የክፍያ ወረቀት አወጣ። ነጋዴዎች የመንግሥቱን ወረቀት እየመለሱ የሞሪስን ይቀበሉ ነበር። ሀገሪቱ በአንድ ሰው ስም ትገበያይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጃንዋሪ 1782 የሰሜን አሜሪካ ባንክ በእሱ ጥረት ተከፈተ። ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሲሆን የግምጃ ቤቱን ሹመት አቀረበለት፤ ሞሪስ አሌክሳንደር ሃሚልተንን ጠቆመ።

ያንኑ ፊርማ ይዞ በዱቤ መሬት መግዛት ጀመረ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ኤከር። ዋሽንግተን ከተማን የነደፈው ላንፋንም የእብነ በረድ መኖሪያ ይሠራለት ጀመር። ለመሬቱ ገዢ ጠፋ፣ ዕዳው ደረሰ፤ ቤቱም ሳይጠናቀቅ ቀረና ሰው «የሞሪስ ሞኝነት» አለው። በ1798 በዕዳ ታሰረ። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ፊላደልፊያ ሲመጣ እስር ቤት ድረስ ሄዶ አብሮት ማዕድ ቆረሰ።

ሞሪስ በ1801 ተፈትቶ በ1806 ሞተ። በኑዛዜው ለልጁ ለሮበርት የወርቅ ሰዓት ተወለት፤ ያ ሰዓት በመድፍ ውታፍ የሞተው አባቱ ያወረሰው ነበር።