ውድድር የሚመረጠው ከኋላ ነው

እሁድ ጠዋት ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው መንገድ ዳር ዱብ ዱብ ስል፣ ከታክሲ በር የተንጠለጠለ ረዳት «ኃይሌ! ቀነኒሳ እኮ ጥሎህ ሄደ!» አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፣ ቀልዱም ጥሩ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የብዙ ጀማሪ ሯጭ ጣጣ እዚያች ቀልድ ውስጥ ያለ መሰለኝ። እኛ አገር የሚሮጥ ሰው ወይ ኃይሌ ነው ወይ መሳቂያ ነው፤ መሀል ላይ የሚቆምበት ቦታ የለውም።

ስለዚህ ዘግይቶ የጀመረ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በስምንትና በዘጠኝ ደቂቃ የሚገፋ ሰው «የመጀመሪያ ውድድሬን ልምረጥ» ሲል የሚሰማው ምክር ሁሉ ከአሸናፊዎች መንደር የመጣ ነው። ምክሩም ሳይመረመር ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ጥቂቱን እንፈትሸው።

ተረት፦ «ኢትዮጵያዊ አይደለህ እንዴ? ሩጫ በደምህ ነው»

ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ። አራቱም ከአርሲዋ በቆጂና ከዙሪያዋ የወጡ ናቸው። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከአራቱ የሚበዙትን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠናቸው አንድ ሰው፣ ስንታየሁ እሸቱ ነው። እንግዲህ ከፍታ፣ በእግር የሚኬድ ረጅም መንገድ፣ ጥሩ አሠልጣኝና «እነእገሌ ከዚሁ ሰፈር ነው የወጡት» የሚል ምሳሌ አንድ ላይ ሲገጥሙ ሯጭ ይወጣል። ነገሩ በደም ብቻ ቢሆን ኖሮ ከቢሮ ወንበሩ ተነሥቶ የማያውቀው የአክስቴ ልጅም ይሮጥ ነበር። ቀኑን በመኪናና በወንበር የሚያሳልፍ የከተማ ሰው የትም አገር ቢወለድ አጀማመሩ አንድ ነው፤ ያለከልካል፣ ይዘገያል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይሻለዋል።

ተረት፦ «መጀመሪያ ማለት ታላቁ ሩጫ ነው»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲካሄድ 10,000 ሰው ተሳተፈ፤ ያሸነፈውም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነበር። ዛሬ ከ40,000 በላይ ሰው ይወጣበታል። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ይራመዳል፣ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ውኃ ይረጫጫል። «ዘገየህ» ብሎ የሚታዘብህ አንድም ሰው አታገኝም። መጨረሻ መውጣት የሚያስፈራው ሰው ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የለውም።

ክፉ ጎኑም እሱ ራሱ ነው። በዚያ ሕዝብ መሀል የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ተገፋፍቶ እንጂ ሮጦ የሚጨርስ ጥቂት ነው። ከፊት ያለው ፎቶ ለመነሣት ይቆማል፤ እግር ሥር የውኃ ፕላስቲክ ይንከባለላል፤ እጅ ለእጅ የተያያዙ ስድስት ጓደኛሞች መንገዱን ዘግተው ይሄዳሉ። ሦስት ወር ተለማምዶ አቅሙን ለማወቅ እዚያ የሚሄድ ሰው፣ ሰርግ ቤት ገብቶ እንቅልፍ እንደሚፈልግ ሰው ነው። ፈጠን የሚሉት በአረንጓዴ፣ ሌላው ሕዝብ በቀይ ማሊያ ተለይቶ የሚነሣበት አሠራር መምጣቱ መጨናነቁን አቅልሎታል። ይሁንና ለክብር ብላችሁ አረንጓዴ ውስጥ አትግቡ፤ እዚያ ደግሞ የምትረገጡት እናንተ ናችሁ።

ፍርዴን ልናገር፦ ታላቁ ሩጫ ለመጀመሪያ በዓል ግሩም ነው፤ ለመጀመሪያ ውድድር ግን አይደለም። ለሴቶች መጋቢት አካባቢ የሚካሄደው «ቅድሚያ ለሴቶች» 5 ኪሎ ሜትር የበለጠ ይስማማል። ርቀቱ ግማሽ ነው፤ መንፈሱም ያው የደስታ ነው። ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ መዋሉ የሚያሳስባቸው አሉ። እሁድ ግን የሚጾመው ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውኃ አይደለምና፣ ቅዳሴ ለማስቀደስ ያላሰበች ሴት ከመውጣቷ በፊት ሻይ በዳቦ ወይም ሙዝ ብትቀምስ የሚከለክላት የለም።

ተረት፦ «ከፍለህ ከተመዘገብክ ማንም አያስቆምህም»

ይህን የማውቀው ከደረሰብኝ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ የግማሽ ማራቶን ውድድር ላይ ተመዘገብኩ። ርቀቱ 21.1 ኪሎ ሜትር፣ የሰዓት ገደቡ 3 ሰዓት። የእኔ እርምጃ በኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነበርና ሒሳቡን ሠራሁት፤ 172 ደቂቃ። ከገደቡ 8 ደቂቃ ይተርፈኛል ብዬ ተኛሁ።

ያላሰብኳቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ። አንደኛ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ተኩሱ ከተሰማበት ደቂቃ እንጂ እኔ የመነሻውን መስመር ከረገጥኩበት አልነበረም፤ ከኋላ ስለቆምኩ መስመሩ ጋ ስደርስ 6 ደቂቃ አልፏል። ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ ሽንት ቤት ወረፋ 3 ደቂቃ ወሰደብኝ። ሦስተኛውና ዋናው፣ ገደቡ መጨረሻው ላይ ብቻ አልነበረም። 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ማለፍ ነበረብኝ። እኔ የደረስኩት በ2 ሰዓት ከ11 ነው። አንድ ትሑት ወጣት ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሚኒባስ አሳየኝ። ቁጥሬን ደረቴ ላይ እንደለጠፍኩ፣ እንደኔ ካረፈዱ ስምንት ሰዎች ጋር ተሳፍሬ መድረሻው ጋ ደረስኩ። ረዳት አልነበረውም እንጂ ያው የለመድኩት ታክሲ ነው።

አዘጋጆቹ አላጠፉም። መንገድ የተዘጋው በፖሊስ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ሰዓት አለው፤ አምቡላንሱም ፈቃደኛ ሠራተኞቹም እስከ ማታ አይቆሙም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ደንቡን የፊቱን ገጽ ብቻ ነበር ያነበብኩት። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ገደቡ ከተኩሱ ነው ወይስ ከመጨረሻው ተነሺ የሚቆጠረው፣ መሀል ላይ ማቆሚያ ነጥብ አለ ወይ የሚለውን አጣሩ። የውኃ ጠረጴዛው እስከ መቼ እንደሚቆይም ጠይቁ። ብዙ ቦታ የመጨረሻው ሯጭ ሳይደርስ ጠረጴዛው ይታጠፋል፤ ውኃ ከፈጣኑ ይልቅ የሚያስፈልገው ደግሞ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ለሚቆየው ነው። ካለፈው ዓመት ውጤት ዝርዝርም ሁሉም ሰው የሚያየውን የመጀመሪያ ገጽ ትታችሁ የመጨረሻውን ገጽ ክፈቱ። ዝርዝሩ እናንተ ትገባላችሁ ከምትሉት ሰዓት ቀድሞ ካለቀ፣ ያ ውድድር ለእናንተ አልተዘጋጀም ማለት ነው። ከእናንተ ኋላ መቶ ሰው ካለ ደግሞ ቤታችሁ ነው።

ተረት፦ «የተራመደ አልሮጠም»

አሜሪካዊው ጄፍ ጋሎዌይ በሙኒክ ኦሎምፒክ (እ.ኤ.አ. 1972) በ10,000 ሜትር አገሩን ወክሎ የሮጠ ሰው ነው፤ ምሩጽ ይፍጠር ነሐስ ባገኘበት በዚያው ርቀት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ይበልጥ የታወቀው ለጀማሪዎች ባስተማረው ዘዴ ነው፤ ሳይደክምህ፣ ከመጀመሪያው አንሥተህ፣ በልክ እየሮጥክ በልክ ተራመድ የሚል።

ሒሳቡ ራሱ ይመሰክራል። ሲሮጥ በኪሎ ሜትር 7፣ ሲራመድ 10 ደቂቃ የሚፈጅበት ሰው እንውሰድ። 3 ደቂቃ ሮጦ 1 ደቂቃ እየተራመደ ቢሄድ 10 ኪሎ ሜትሩን በ76 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። «አልራመድም!» ብሎ በጀግንነት ተነሥቶ 5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቢሞት፣ ቀሪውንም እየጎተተ ቢራመድ፣ 85 ደቂቃ ይፈጅበታል። የዘጠኝ ደቂቃ ልዩነት የኩራት ዋጋ ነው።

ትልልቆቹ አትሌቶች ራሳቸው በቀላል ልምምድ ቀን እንጦጦና ሱሉልታ ጫካ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው በዛፍ መሀል ሲጠማዘዙ ያየ ሰው ዝግታቸው ይገርመዋል። በዝግታ የሚያፍሩት ሩጫን የማያውቁት ናቸው። ለጀማሪ መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሮጥክ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተህ ፍጥነቱ በዝቷል።

ተረት፦ «10 ኪሎ ሜትር የትም 10 ኪሎ ሜትር ነው»

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለኅዳር እረፍት መጥተው «እዚያ በ60 ደቂቃ ነው የምገባው» የሚሉ ዘመዶች አሉኝ። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ዳገቱ ሲጨመርበት ከለመዱት ሰዓት ላይ ብዙ ደቂቃ መጨመሩ አይቀርም። ከአውሮፕላን ወርዶ በማግስቱ ከመሮጥ ጥቂት ቀን አስቀድሞ መምጣት ይሻላል፤ ሰዓት ማየትም ትቶ መደሰት። ተቃራኒውም ይሠራል፦ አዲስ አበባ የለመደ ሰው 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው፣ ሜዳማዋ ሐዋሳ ሲሮጥ አዲስ ሳንባ የተገጠመለት ይመስለዋል። ከሙቀቱ ግን ይጠንቀቅ።

በውጭ ላሉት ምርጫው ሰፊ ነው። እስራኤል ያላችሁ፣ ኢየሩሳሌም ማራቶን ቀን ያሉት አጫጭር ርቀቶችም ቢሆኑ ዳገት ይበዛባቸዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የቴል አቪቭን ሜዳ እመርጣለሁ። ኃይሌ ከ2008 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈው የዱባይ ማራቶን ከዋናው ጎን 10 እና 4 ኪሎ ሜትር አለው፤ መሬቱ ጠፍጣፋ፣ ወቅቱም ቀዝቀዝ ያለ ነው። ዋሽንግተን በሚያዝያ አካባቢ የሚካሄደው የቼሪ አበባ የአሥር ማይል ሩጫ ያማረ ነው፤ ግን ማይሉን በ14 ደቂቃ፣ ማለትም ኪሎ ሜትሩን በ8 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ መሄድ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ውድድር ይሁንላችሁ። ብሪታንያ፣ ጀርመን ወይም ስዊድን ያለ ሰው ደግሞ ብዙ አይጨነቅ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ውስጥ የተጀመረው ፓርክራን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በነፃ 5 ኪሎ ሜትር ያስሮጣል። የሰዓት ገደብ የለውም። ከሁሉም ኋላ እንዲራመድ የተመደበ ፈቃደኛ ስላለ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው፤ እናንተ መቼም መጨረሻ አትወጡም።

ተረት፦ «አበበ በባዶ እግሩ አላሸነፈም እንዴ?»

አሸንፏል፤ ሮም ላይ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። አራት ዓመት ቆይቶ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛውን ታሪክ ማንም አያወራውም። በባዶ እግር ያላደገ እግር አስፋልት ላይ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። በሌላ በኩል የወር ደመወዝ የሚበላ ጫማም አያስፈልግም። ከሰልባጅ የተገዛ ቢሆንም ጣት የማይጨፈልቅ፣ ሶሉ ያላለቀና ቢያንስ ጥቂት ሳምንት የተለማመዳችሁበት ይሁን። ለውድድሩ ቀን አዲስ ጫማ ማድረግ እግር ውኃ እንዲቋጥር መክፈል ነው።

ተረት፦ «ርቀቱን ቀድመህ ካልሮጥከው አትጨርሰውም»

ለ10 ኪሎ ሜትር በሳምንት ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ወጥቶ አንዱን ቀን 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ያደረሰ ሰው ቀሪውን ሕዝቡ ይገፋለታል። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የደረት ሕመም ያለበት ሰው ግን ከልምምዱ በፊት ሐኪም ይይ፤ ይሄ ተረት አይደለም።

ዘንድሮ ልትመዘገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አዘጋጆቹ ጋ ደውሉና «አምና መጨረሻ የወጣው ሰው በስንት ሰዓት ገባ? ሲደርስስ ማን ጠበቀው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያውቁት ከሆነ ክፈሉና ተመዝገቡ። «ያሸነፈው ሰው እኮ…» ብለው ከጀመሩ አመስግናችሁ ስልኩን ዝጉ፤ ሌላ ፈልጉ።