ስለ ምሥጢረ ሥላሴ የተነሡ መናፍቃንና የአባቶቻችን መልስ

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ባለፈው ምዕራፍ እግዚአብሔር በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት፣ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በህልውናና በፈቃድ አንድ መሆኑን ተምረናል። የግብር ሦስትነት ማለት አብ ወላዲ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራፂ መሆኑ ነው ብለናል። በዚህ ምዕራፍ ደግሞ ይህን እምነት ያጣመሙት እነማን እንደ ነበሩ፣ ምን ብለው እንዳስተማሩና አባቶቻችን ምን ብለው እንደ መለሱላቸው እንማራለን። የመናፍቃንን ትምህርት የምንማረው ሰውን ለመሳደብ አይደለም። እውነተኛውን ብር ከሐሰተኛው የሚለይ ነጋዴ በገበያ እንደማይታለል፣ የስሕተትን መንገድ አስቀድሞ ያወቀ ልጅም በቀላሉ አይወሰድም።

በመጀመሪያ ቃሉን እንወቅ። በግእዝ «መንፈቅ» ማለት ግማሽ ማለት ነው። «መናፍቅ» የሚለውም ቃል የዚሁ ዘመድ ነው፤ ግማሹን አምኖ ግማሹን የሚክድ፣ የሚጠራጠር ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔር የለም አላሉም። መጽሐፍ ቅዱስንም ያነቡ ነበር። ችግሩ ከምሥጢሩ ለአእምሯቸው የቀለላቸውን ብቻ ወስደው ሌላውን መተዋቸው ነው።

ከእነርሱ አንዱ ሰባልዮስ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሮም ያስተምር ነበር። «አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ የአንድ አካል ሦስት ስሞች ናቸው» አለ። እንደ እርሱ አነጋገር አንድ ሰው በቤቱ አባት፣ በትምህርት ቤት መምህር፣ በዕድሩ ሊቀ መንበር እንደሚባል ሁሉ፣ አንዱ አካል አንድ ጊዜ አብ፣ አንድ ጊዜ ወልድ፣ አንድ ጊዜ መንፈስ ቅዱስ ተባለ ማለት ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጌታችን በዮርዳኖስ ሲጠመቅ የሆነውን አስቡ። ወልድ በውኃው ውስጥ ቆሟል፣ የአብ ድምፅ ከሰማይ ይሰማል፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ይወርዳል። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ተገልጠዋል። በጌቴሴማኒስ ጌታችን ወደ ማን ጸለየ? ወደ ራሱ ነው? ሰባልዮስ ለዚህ መልስ አልነበረውም። በሮም ተወገዘ። ትምህርቱ ግን በሊቢያ ሲሰማ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ ጽፎ ተቃወመው።

ሰባልዮስ ሦስቱን አካላት ሲያደባልቅ፣ አርዮስ ደግሞ በተቃራኒው ባሕርያቸውን ለያየ። ቤተ ክርስቲያንን ከሁሉ ይልቅ ያወከው እርሱ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

አርዮስ በእስክንድርያ ቄስ ነበር። ንግግሩ የሚማርክ፣ አኗኗሩም የተቆጠበ ነበር ይባላል። ልጆች፣ ይህን አስተውሉ፤ የሳተ መምህር ሁሉ ክፉ መልክ የለውም። በ318 ዓ.ም. ገደማ (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናስቀምጣለን) «ወልድ ፍጡር ነው፤ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ፤ ከፍጥረት ሁሉ ቢበልጥም ከአብ ጋር አይተካከልም» እያለ ማስተማር ጀመረ። የተፍጻሜተ ሰማዕት ቅዱስ ጴጥሮስ ታሪክ እንደሚተርከው፣ ይህ ሊቀ ጳጳሳት በወህኒ ሳለ ጌታችንን ልብሱ ተቀዶ በራእይ አየው። «ማን ቀደደብህ?» ብሎ ቢጠይቀው «አርዮስ» ብሎ መለሰለት።

አርዮስ ትምህርቱን በስብከት ብቻ አላሰራጨም። «ታልያ» የተባለ የግጥም ድርሰት ጻፈ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ለመርከበኞች፣ ለወፍጮ ሠራተኞችና ለመንገደኞችም መዝሙር አዘጋጀላቸው። እስክንድርያ የወደብ ከተማ ነበረችና ዜማው ከወደቡ ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ ቤቱ ገባ። ስለዚህ እናንተም መዝሙር ስታጠኑ ዜማውን ብቻ አትያዙ፤ ቃሉ ምን እንደሚል መምህራችሁን ጠይቁ።

ሊቀ ጳጳሳቱ እለእስክንድሮስ የግብፅንና የሊቢያን ኤጲስ ቆጶሳት ሰብስቦ አርዮስን አወገዘው። ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም፤ ሌሎች አገሮችም ተከፋፈሉ። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ታላቅ ጉባኤ እንዲደረግ አዘዘ። ኒቅያ ዛሬ በቱርክ አገር ያለችው ኢዝኒክ ናት። በዚያ የተሰበሰቡትን አባቶች ሠለስቱ ምእት፣ በቁጥርም 318 እንላቸዋለን። በቤተ ክርስቲያናችን ካሉት ቅዳሴያት አንዱ በስማቸው ይጠራል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በዘመነ ሰማዕታት መከራ የተቀበሉ ነበሩ። በፍኑትዮስ የተባለው የግብፅ ኤጲስ ቆጶስ ስለ ሃይማኖቱ አንድ ዓይኑ የወጣ ሲሆን ንጉሡ የጠፋውን ዓይኑን ስፍራ ይስመው ነበር ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ አንድ ቃል ለምን ይከራከራል? «ያመለክሁት፣ ዓይኔን የሰጠሁለት አምላክ ነው ወይስ ፍጡር?» የሚል ጥያቄ ስለ ነበረበት ነው።

በጉባኤው አስቸጋሪ ነገር ገጠማቸው። አባቶች «ወልድ ከእግዚአብሔር ነው» ብለው ለመጻፍ ሲያስቡ የአርዮስ ወገኖች እርስ በርሳቸው ተጠቃቀሱ። «እኛም እንቀበላለን፤ ፍጥረት ሁሉ ከእግዚአብሔር ነውና» አሉ። «የእግዚአብሔር ኃይል ነው» ሲባልም «አንበጣም የእግዚአብሔር ሠራዊት ተብሏል» ብለው አጣመሙት። የትኛውንም ቃል በፈለጉት መንገድ ይተረጉሙት ነበር። ስለዚህ አባቶች ማምለጫ የሌለው ቃል መረጡ፤ ወልድ በባሕርይ ከአብ ጋር አንድ ነው አሉ። በግሪክ «ሆሞኡስዮስ» ይባላል። ከኤጲስ ቆጶሳቱ እስከ መጨረሻው አንፈርምም ብለው ከአርዮስ ጋር የተሰደዱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ዘወትር የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት መሠረቱ የተጣለው በዚህ ጉባኤ ነው።

አንድ ተማሪ «ጌታችን ራሱ አብ ይበልጠኛል ብሎ የለምን?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አርዮሳውያንም ይህንኑ ይጠቅሱ ነበር። ጌታችን ይህን የተናገረው ስለ እኛ ሰው ሆኖ ራሱን ዝቅ ባደረገበት ወራት ነው። ተራበ፣ ደከመ፣ አለቀሰ፤ ይህ ሁሉ የተዋሐደውን ሥጋ እውነተኛነት ያሳያል እንጂ መለኮቱን አያሳንስም።

በዚያ ጉባኤ ከእለእስክንድሮስ ጋር የሄደ አንድ ወጣት ዲያቆን ነበረ። አትናቴዎስ ይባላል። በ328 ዓ.ም. በእለእስክንድሮስ መንበር ተቀመጠ። የመልሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ፍጡር ፍጡርን ሊያድን አይችልም፤ የወደቀውን ሰው ሊያድስ የሚችል የፈጠረው ብቻ ነው። ወልድ ፍጡር ከሆነ እኛ አልዳንም። ስለዚህ ቃል አምስት ጊዜ ተሰደደ። ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ከኖረባቸው 45 ዓመታት 17 ያህሉን ያሳለፈው በስደት ነው። ያሳደዱት የክርስቲያን ነገሥታት ጭምር ነበሩ፤ ከኒቅያ በኋላ አርዮሳውያን በቤተ መንግሥት ተሰሚነት አግኝተው ነበርና።

መቅዶንዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የቁስጥንጥንያ ኤጲስ ቆጶስ ነበረ። እርሱና ተከታዮቹ መንፈስ ቅዱስን ሕፁፅ፣ ማለትም ከአብና ከወልድ የሚያንስ አደረጉት። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ መንፈስ ቅዱስ መጽሐፍ ጽፎ መለሰ። በ381 ዓ.ም. ደግሞ 150 ሊቃውንት በቁስጥንጥንያ ተሰብስበው ትምህርቱን አወገዙ፤ በጸሎተ ሃይማኖት ስለ መንፈስ ቅዱስ የምንለውንም አስፋፍተው ደነገጉ። መልሱ አጭር ነው። ሐናንያ መንፈስ ቅዱስን በዋሸ ጊዜ ሐዋርያው ጴጥሮስ የዋሸኸው እግዚአብሔርን ነው አለው። የምንጠመቀውም በሦስቱ ስም ነው፤ በፈጣሪና በፍጡር ስም አንድነት የሚጠመቅ የለም።

ሥላሴን በፀሐይ መስለን እንማራለን፦ ክበቧ፣ ብርሃኗ፣ ሙቀቷ። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ክበቧ ያለ ብርሃን የኖረበት ጊዜ የለምና አርዮስን ይመልስልናል። ግን ምሳሌ ከሚመሰልለት ያንሳል። ብርሃንና ሙቀት ራሳቸውን የቻሉ አካላት አይደሉም፤ ሥላሴ ግን ለእያንዳንዳቸው ፍጹም አካል፣ ፍጹም ገጽ፣ ፍጹም መልክ አላቸው። ምሳሌውን ብቻ ይዞ የቀረ ሰው ሳያውቀው ወደ ሰባልዮስ ሊጠጋ ይችላል።

ይህ ክርክር አገራችንም ደርሶ ነበር። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስን ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ መሆኑን ታውቃላችሁ። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ንጉሥ ቆንስጣንዮስ አርዮሳውያንን ይደግፍ ስለ ነበር አትናቴዎስን አሳደደ፤ በመንበሩም ጊዮርጊስ የተባለ የቀጰዶቅያ ሰው ተተካ (ይህ ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ አይደለም፤ ስማቸው ብቻ ነው የሚገናኘው)። በ356 ዓ.ም. ገደማ ንጉሡ ወደ አክሱም፣ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በጊዮርጊስ እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ ሳይጠፋ የቆየው አትናቴዎስ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ስላስገባው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች። ኢዛና በግሪክ ቋንቋ ያስቀረጸውና በአክሱም የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በስማቸው ይጠራል።

ለሚቀጥለው ሳምንት፦ «በስመ አብ» ብለን ስናማትብ ሦስቱን ጠርተን ሳለ «ስም» የምንለው ለምን በነጠላ እንደ ሆነ አስባችሁ፣ መልሱ ሰባልዮስንና አርዮስን እንዴት እንደሚመልስ በደብተራችሁ ጽፋችሁ ኑ።