ተጨማሪ መረጃ፦ በጠራ ውሃ ውስጥ ዓሣ ለምን ይሞታል?

አዲስ የመስታወት ገንዳ ውሃ ሞልቶ በዚያው ዕለት ዓሣ መጨመር ዓሣውን ለሞት መዳረግ ነው። ውሃው ኩልል ቢልም፣ ዓሣው በስንጥቡ የሚያስወጣውና ከተረፈ ምግብ ብስባሽ የሚፈጠረው አሞኒያ ለዓይን ሳይታይ ይጠራቀማል።

በሐይቅና በወንዝ ይህን መርዝ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይቀይራሉ። ናይትራይትም ራሱ ክፉ መርዝ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። የተመረዘው ዓሣ ስንጥብ ቀይነቱን አጥቶ ቡናማ ይሆናል፤ ዓሣውም አየር ፍለጋ ወደ ውሃው ገጽ ይወጣል። ናይትሬት ግን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ይመገቡታል፣ የቀረውም ውሃው በከፊል ሲቀየር ይቀንሳል።

በአዲስ ገንዳ ግን ባክቴሪያዎቹ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ በበቂ መጠን እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ማጣሪያው ሌት ተቀን ይሠራል፤ ገንዳው ውስጥ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣላል፤ ምግቡ ሲበሰብስ የሚወጣው አሞኒያ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ይሆናል። ከጤነኛ አሮጌ ገንዳ የተወሰደ ያልታጠበ ስፖንጅ ካለ ጊዜው በጣም ያጥራል። የውሃ መመርመሪያው አሞኒያንም ናይትራይትንም ዜሮ አድርጎ፣ ናይትሬትን ብቻ ሲያሳይ ዓሣዎቹ ጥቂት በጥቂት ይገባሉ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እነዚህን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ስለዚህ ውሃው ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ክሎሪኑ መወገድ አለበት፤ የቆሸሸ ስፖንጅም የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው።