ዋግን የሚቋቋም ስንዴና የዘረመል ምልክት

በቡታጅራና በዝዋይ መካከል ባለችው በቆሼ፣ በበርበሬው ስሙ በገነነው በማረቆ ምድር፣ ስንዴ ለሚዘራ ገበሬ ዋግ የታወቀ ባላጋራ ነው፤ ይልቁንም የግንድ ዋግ የሚባለው አገዳውን ሰንጥቆ ቀይ ዱቄት እያፈሰሰ ለፍሬው የሚወጣውን ምግብ ስለሚሻማ፣ ያማረው አዝመራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተጨማደደ ፍሬ ይዞ ይቀራል። ዘሩም በነፋስ ስለሚጓዝ የወረዳ ወሰን አያግደውም።

ለዚህ መቅሠፍት ከመድኃኒት ርጭት ይልቅ የሚመረጠው፣ በገዛ ባሕርዩ የሚቋቋም ዝርያ ነው። ይሁንና ኃይሉ በአንድ ዘረመል ላይ ብቻ ሲቆም እንዴት እንደሚከዳ በ2006 ዓ.ም. ታየ፤ በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ከመታ በኋላ በአርሲና በባሌ በሰፊው የተዘራው ዲጋሉ የተባለ ዝርያ፣ ከኡጋንዳ የተነሣውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግ ዘር ቢቋቋምም፣ በሌላ የግንድ ዋግ ዘር ክፉኛ ተጠቃ። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁለትና ሦስት ዘረመል በአንድ ስንዴ ማጣመርን ፈለጉ፤ ነገር ግን ሁለት ዘረመል ያለውና አንድ ብቻ ያለው ቡቃያ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ስለሚታዩ፣ የገበሬም የምሁርም ዓይን አይለያቸውም።

የዘረመል ምልክት የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ በክሮሞዞም ላይ ከተፈለገው ዘረመል አጠገብ ያለ የታወቀ ስፍራ ነውና፣ ጎረቤታሞቹ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይወረሳሉ። ተመራማሪው ሁለት ሦስት ቅጠል ካወጣ ቡቃያ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጦ ዲኤንኤውን ካጠራ በኋላ፣ በትንሽ ቱቦ ውስጥ በ95 ዲግሪ ገደማ አሙቆ ሁለቱን ክሮች ያላቅቃል፤ ቀዝቀዝ አድርጎ የስፍራውን ሁለት ዳር የሚይዙ አጫጭር የዲኤንኤ መነሻዎችን ያስይዛል፤ በ72 ዲግሪም ዲኤንኤ ገልባጭ ኤንዛይም ያንን ስፍራ ይቀዳል። ይህ ሠላሳ ጊዜ ያህል ሲደጋገም ያቺ የዲኤንኤ ቁራጭ እልፍ አእላፋት ትሆናለች፤ በጄል ላይ በኤሌክትሪክ ስትነዳም በመስመር ትታያለች። መስመሩ ያለው ቡቃያ ይቀራል፣ የሌለው ይነቀላል። ጎረቤታሞቹ አንዳንዴ ስለሚለያዩ ግን፣ በምልክት የተመረጠው ሁሉ እንደ ቁሉምሳ ባሉ የምርምር ማሳዎች ላይ ከዋጉ ጋር ይፈተናል።

ልቤን ደስ የሚያሰኘው ኤስአር13 የተባለው ዘረመል ነው፤ ካፕሊ በተባለው የህንድ አጃ ስንዴ ብቻ ሳይሆን ኤስቲ464 በተባለው በአገራችን ዱረም ስንዴም ተገኝቷልና። እ.ኤ.አ. በ2017 ዘረመሉ ራሱ ተለይቶ ስለ ታወቀ፣ አሁን ጎረቤቱን ሳይሆን እርሱን ራሱን መፈለግ ይቻላል። ነገር ግን እርሱንና ኤስአር9ኢ የተባለውን ሌላ ዘረመል በአንድነት ድል የሚነሣ የዋግ ዘር እዚሁ በደብረ ዘይት ተገኝቷልና፣ ኤስአር13 ያለው ቡቃያ ሲመረጥ፣ ያ ዋግ ያላሸነፈው ሌላ ዘረመል አብሮት መኖሩ ከዚያችው የቅጠል ቁራጭ ሊመረመር ይገባል።