ግማሿ የማትሠራው ኪኒን፣ እና ግራና ቀኙን መዳብ የለየው ቋጠሮ

ትምህርት ቤት ውስጥ ቁመታችሁ በእንጨት ተለክቶ ኪኒን የዋጣችሁ ትኖራላችሁ። በተለይ ከእብናት በአዲስ ዘመን በኩል ወረድ ብላችሁ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ወይ ጣና ዳር ያደጋችሁ። የምትታኘከዋን የወስፋት መድኃኒት ማለቴ አይደለም። ትልቋን፣ ምላስ ላይ ትንሽ ከቆየች ፊት የምታጨማድደውን ነው የምለው። ፕራዚኳንቴል ትባላለች፣ የብልሃርዝያ መድኃኒት ናት። በየትምህርት ቤቱ የትላትል መድኃኒት የማደል አገር አቀፍ ዘመቻ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ቁመት የሚለካው ሚዛን ስለሌለ ነው፤ የተለመደው ልክ ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም ስለሆነ በቁመት ይገመታል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ምን መሰላችሁ? ከዋጣችሁት ግማሹ ትሉን ከሞላ ጎደል ምንም አያደርገውም። የባሰ የሚመረውም ያ የማይሠራው ግማሽ ነው!

ፋብሪካው አጭበርብሮ አይደለም። ነገሩ እንደ ኮንጎ ጫማ ነው። ግራውና ቀኙ ፕላስቲኩ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ ክብደቱ አንድ። ግን የግራውን ቀኝ እግራችሁ ላይ አድርጋችሁ እብናት ገበያ ድረስ ሂዱና ታዩታላችሁ። ሞለኪውልም እንዲህ ግራና ቀኝ ሊኖረው ይችላል። አተሞቹ ያው፣ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘም ያው፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። እንዲህ አተማቸው አንድ ሆኖ ቅርጻቸው የሚለያይ ሞለኪውሎች አይሶመር ይባላሉ። ፕራዚኳንቴል ሲመረት ሁለቱ እኩል ለእኩል ተቀላቅለው ይወጣሉ። ትሉ ላይ የሚሠራው አንዱ ነው።

ታዲያ ለምን አይለዩም? እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ሁለቱ በአንድ ዲግሪ ይቀልጣሉ፣ ውኃ ውስጥ እኩል ይሟሟሉ፣ ሚዛን ላይም እኩል ናቸው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ጫማ እንደመለየት ነው። በጨለማ ምን ታደርጋላችሁ? ቀኝ እግራችሁን ትከታላችሁ። ግራና ቀኝን ለመለየት ራሱ ግራና ቀኝ ያለው ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው።

አሁን ወደሚገርመው እንሂድ። ግራና ቀኝ ከመጠላለፍም ይመጣል። የቻርጀራችሁን ገመድ አንሱና አንድ ተራ ቋጠሮ ቋጥሩበት፣ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ያዙ። ሌላ ገመድ ላይ ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ቋጥሩ። ጫፎቹን ሳትለቁ አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር ሞክሩ። እስከ ነገ ብትታገሉ አይሆንም። የብራና መጽሐፍ ላይ የሚሳለውን ሐረግ ያየ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፦ ከላይ የሚያልፈውን መስመር ከታች ብታሳልፉት መስመሩ ያው ነው፣ ጥልፍልፉ ግን ሌላ ነው።

ይሄንን ቋጠሮ በሞለኪውል የሠሩት ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ከተማ የነበሩት ዣን ፒየር ሶቫዥና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እሳቸው መጀመሪያ የታወቁት በሰንሰለት ነው። ሁለት የሞለኪውል ቀለበቶች እንደ አንገት ሰንሰለት አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋሉ፤ ሳይበጠሱ አይላቀቁም፣ ግን አልተጣበቁም። ከእሳቸው በፊት ይሄን ለማግኘት አንዱ መንገድ ዕድል ነበር። ክሩ ቀለበቱ ውስጥ አጋጣሚ ሆኖ ካለፈ አለፈ፣ ካላለፈ የለም። ሶቫዥ በ1983 እ.ኤ.አ. መሐል ላይ የመዳብ አዮን አስገቡ። መዳቡ በአንድ እጁ ቀለበቱን፣ በሌላው ክሩን ይይዛል፤ ክሩ በቀለበቱ ውስጥ እንዳለፈ ቀጥ ብሎ ይቆምለታል። ከዚያ የክሩን ጫፎች ማገናኘት ብቻ ነው። የተገኘው ምርት 42 በመቶ ደረሰ። ሥራው ሲያልቅ መዳቡን በሳያናይድ ያወጡታል፣ ሰንሰለቱ ይቀራል።

ማውጣቱ ግን ቀላል አይደለም፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረውም ይሄ ነው። ሳይጠላለፉ መዳብን ከያዙ ተመሳሳይ ክሮች ሳያናይዱ መዳቡን በፍጥነት ይነጥቃል። ከተጠላለፉት ግን እጅግ በዝግታ ነው የሚወጣው፣ ዙሪያውን ተጠምጥመውበታላ! ስለዚህ መዳብ የተጠላለፈውን ካልተጠላለፈው የሚለይ ምስክር ሆነ።

ቋጠሮው በ1989 እ.ኤ.አ. መጣ። ሁለት ክሮች በሁለት መዳቦች ዙሪያ እንደ ሹሩባ ተገመዱ፣ ጫፎቻቸው ተገናኙ። ምርቱ 3 በመቶ ብቻ ነበር፣ እሱም የግራና የቀኝ ቋጠሮ ድብልቅ። ድብልቁን ለመለየት እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ፈጀ። የለየውም እዚያው ውስጥ ያለው መዳብ ነው። ሁለቱ የመዳብ አዮኖች ለቋጠሮው ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚሰጡት፣ ኔጌቲቭ የሆነ ነገር ይስባል። ተመራማሪዎቹ ራሱ ግራና ቀኝ ካለው ኔጌቲቭ ሞለኪውል አንዱን ወገን ብቻ መርጠው ጨመሩ፤ ያ ነው በጨለማው ውስጥ የገባው እግር። ከአንደኛው ቋጠሮ ጋር ሲጣመር ክሪስታል ሆኖ ወጣ፣ ከሌላው ጋር የተጣመረው ፈሳሹ ውስጥ ቀረ። ሶቫዥ በ2016 እ.ኤ.አ. ከፍሬዘር ስቶዳርትና ከቤን ፌሪንጋ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ብረት አይሶመር ሲለይ ይሄ ብቻ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ደላዌር ዩኒቨርሲቲ የጆሴፍ ፎክስ ቡድን ብርን ተጠቀመ (የኪሳችንን ብር አይደለም)። የፈለጉት አይሶመር በውስጡ የተወጠረ ትስስር ስላለው የብር አዮን ላይ ይጣበቃል፣ ዘና ያለው መንትያው ግን አልፎ ይሄዳል። ያለፈው ተመልሶ ብርሃን ይመታዋል፣ የተቀየረው ብሩ ላይ ይቀራል፣ እንዲህ እየዞረ ይጠራቀማል። መጨረሻ ላይ በአሞኒያ ከብሩ ያላቅቁታል።

ግን ቆይ፣ መለየት ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። በ1957 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ መሸጥ የጀመረውና ከ10,000 በላይ ሕፃናትን የጎዳው ታሊዶማይድ «ቢለይ ኖሮ ችግር አይፈጥርም ነበር» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ሼር ሲደረግ አያለሁ። ልክ አይደለም። ታሊዶማይድ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይገለበጣል። ቋጠሮው ግን ካልተበጠሰ መገልበጥ አይችልም።

ወደ ኪኒናችን ስንመለስ፣ ፕራዚኳንቴልን ለመለየት መዳብ አላስፈለገም፤ ብልሃቱ ግን የዚያው የእግርና የጫማ ነው። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲው ማቲው ቶድና ባልደረቦቹ ሥራቸውን ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርገው እየሠሩ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ርካሽ መንገድ አሳተሙ። እግር ሆኖ የገባው ወይን ውስጥ ከሚገኝ አሲድ የተሠራ ነገር ነው። ሉዊ ፓስተር በ1848 እ.ኤ.አ. ግራና ቀኝ ክሪስታሎችን በእጁ እየለቀመ የለየውም ከዚሁ አሲድ ቤተሰብ ነበር።

የሚሠራውን ወገን ብቻ የያዘው አርፕራዚኳንቴል በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ከአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የድጋፍ አስተያየት አገኘ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የጥራት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ ምሬቱም ቀንሷል። የተዘጋጀው ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት ነው፤ እነዚህ በፊት ለዕድሜያቸው የሚሆን መድኃኒት ስላልነበራቸው ከዘመቻው ውጪ ነበሩ። ለተማሪዎች የተለመደችው ግን አሁንም ያችው ትልቋ፣ ግማሿ የምትሠራው ናት። መሥራቱን ትሠራለች፣ ስለዚህ ስትሰጣችሁ ዋጧት፤ ምግብ በልታችሁ፣ በብዙ ውኃ፣ ምላስ ላይ ሳታቆዩ።