በጾም ወራት ጉልበት የሚሰጥ የአትክልት ሾርባ በቤት ስለ መሥራት

በጾም ወራት ሥጋና ቅቤ ከማዕድ ሲነሡ የሠራተኛው ጉልበት እየደከመ መሄዱን የእርሻ ሥራ የሚመራ ሁሉ ያውቀዋል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የጾሙ ሳይሆን የወጥ ቤቱ ልማድ ነው። ጎመኑ ይቀቀልና ውኃው ይደፋል፤ ከዚያም ጋራ በውኃ የሚሟሟው የቫይታሚን ሀብት አብሮ ይፈሳል። ጥራጥሬና አትክልት ባንድ ድስት ተቀቅለው ውኃው ሳይደፋ የሚቀርበው ሾርባ ይህን ጉዳት ያስቀራል። ስለዚህም ክቡራን አስተዳዳሪዎችና የእርሻ ባለቤቶች አስቀድማችሁ በየቤታችሁ አስሠርታችሁ እንድትቀምሱት አሠራሩን እንገልጻለን።

ለ6 ሰው 1 ብርጭቆ የምስር ክክ፤ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት፤ 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፤ 3 ካሮት፤ 3 ድንች፤ 3 ቲማቲም፤ አንድ እስር የአበሻ ጎመን፤ 3 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይትና 2 ሊትር ውኃ ይበቃል። ከዚህ ሁሉ ድንች ለአገራችን እንግዳ ነበር፤ በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንዳገባው ይነገራል። ዛሬ በደጋው ጓሮ ሁሉ ይገኛል።

ሽንኩርቱ በዘይቱ በቀስታ ይቁላላ፤ እንዳያርር ይጠበቅ። የታጠበው ምስርና ውኃው ይጨመርበትና ድስቱ ተከድኖ ይንተክተክ። ምስሩ ሳይለሰልስ ቲማቲም መጨመር አይገባም፤ ኮምጣጣነቱ ጥራጥሬውን ቶሎ እንዳይበስል ያደርገዋልና። ብዙ ወጥ ሠሪዎች እሳቱን የሚወቅሱት ይህን ባለማስተዋል ነው። በደጋ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ በቆላ ፈጥኖ የሚበስለው በደጋ ይዘገያል። በምስር ፈንታ ሽምብራ ወይም ባቄላ የሚያገባ ሰው ሌሊቱን ይዘፍዝፈው።

ምስሩ ሲለሰልስ ካሮቱ፣ ድንቹና ቲማቲሙ ይግቡ። ጎመኑ ተከትፎ ሊወጣ 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ይጨመር፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬው በመጨረሻ ይሁን። በየሳሕኑ ሎሚ ቢጨመቅበት ሰውነት የምስሩን ብረት በተሻለ ይቀበላል። ዘይቱም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ የካሮቱ ጥቅም ያለ ቅባት በሚገባ አይገኝም።

አንድ ነገር ግን እጅግ ይጠበቅ። ሾርባውን በርካሽ ለማወፈር ሲባል ጓያ አይግባበት። ጓያ ድርቅን ስለሚችል በክፉ ዘመን ይበዛል፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል፤ በሽታውም ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም። ከተከካ በኋላ ከአተር ክክ ለመለየት ያስቸግራል። ሳይከካ ግን አተሩ ድብልብል፣ ጓያው ማዕዘን ያለው ስለ ሆነ በዓይን ይለያል። ስለዚህ ለብዙ ሠራተኛ ቀለብ የሚገዛ ሰው አተሩን ከነፍሬው ገዝቶ፣ አስለቅሞ በቤቱ ያስከካው።