ባሩድና እርሳስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ

በአሜሪካ የተኮሱበትን ቀለህ ሰብስበው ዳግም ባሩድ የሚሞሉ፣ አረሩንም እርሳስ አቅልጠው የሚያበጁ የዒላማ ተኳሾች ጥቂት አይደሉም። ከነዚህ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1984 የኖረው የአይዳሆው ኤልመር ኪት ነው። ኪት ከፍተኛ የባሩድ መጠን ሲሞክር ሪቮልቨር ሽጉጥ በእጁ ላይ ፈንድቶበታል፤ ይሁንና ሙከራው እ.ኤ.አ. በ1955 ብቅ ላለው ባለ .44 ማግነም ጥይት መንገድ ጠርጓል።

ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ለስላሳ በመሆኑም ቆርቆሮና አንቲሞኒ ተጨምሮበት ይጠነክራል። የከፋው አደጋ ግን ከእሳቱ ሳይሆን ከሚዛኑ ይመጣል። በስሕተት ሁለት ጊዜ ባሩድ የተጨመረበት አንድ ቀለህ መሣሪያውን ሊያፈነዳ፣ የተኳሹንም ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃው ባለሙያ አረሩን ከመግጠሙ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን ይመረምራል፤ የእርሳስ ብናኝ ወደ ሰውነቱ እንዳይገባም ከሥራው በኋላ እጁን ሳይታጠብ ወደ ማዕድ አይቀርብም።